ሌሊት የሚጮህ እንስሳና የአልጋ ቤት እንግዳ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። በጓሯችሁ እንስሳት እያረባችሁ ለመንገደኛ አልጋ የምታከራዩ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ ሳይተኛ ያደረ እንግዳ ተመልሶ እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። ቢሆንም እንስሳውን በዱላ ዝም ማሰኘት መፍትሔ አይደለም። በመጀመሪያ ለምን እንደጮኸ ለዩ።

1. ላም፦ ጠግባና ጠጥታ፣ ጥጃዋም አጠገቧ እያለ ደጋግማ ከጮኸች ኮርማ ፈልጋ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ሲወጡባት ጸጥ ብላ መቆሟን፣ ከብልቷም የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ መውረዱን ተመልከቱ። ምልክቱን ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጠዋት፣ ጠዋት ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ማታ አስጠቋት ወይም አዳቃይ ባለሙያ ጥሩላት። ካመለጣችሁ 21 ቀን ገደማ ትጠብቃላችሁ፤ ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያል።

2. አህያ፦ ብቻዋን ስትታሰር ጓደኛዋን ፍለጋ ትጮኻለች። ከለመደቻት ጋር አሳድሯት፤ ከመተኛታችሁ በፊትም የማሽላ አገዳና ውኃ ስጧት።

3. አውራ ዶሮ፦ ጎህ ሳይቀድ መጮህ ተፈጥሮው ነው፤ የአምፖል ብርሃንም ያነሳሳዋል። ማደሪያውን ከመኝታ ክፍሎች አርቁ፣ ከብርሃን ጋርዱ። አገራችን ሞቃት ስለሆነ የአየር መግቢያውን ግን አትድፈኑ። እንቁላል ብቻ ከፈለጋችሁ ሴቶቹ ያለ አውራ ይጥላሉ፤ አውራ የሚያስፈልገው ለጫጩት ነው።

መኖ እምቢ ብሎ የሚጮህ እንስሳ ካለ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ።

የቤት ሥራ፦ ለሦስት ሌሊት የትኛው እንስሳ በስንት ሰዓት እንደጮኸና ምክንያቱን መዝግባችሁ በሚቀጥለው ስልጠና ይዛችሁ ኑ።