ደመወዙ ጥሩ፣ የሥራ ባህሉ ጎጂ ሲሆን

ጥያቄ፦ ራስ ዲካ፣ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሆነ ኢትዮጵያዊ ጥሩ ይከፈለዋል፤ ስድቡና ጫናው ግን ጤናውን እየጎዳው ነው። ይቆይ ወይስ ይልቀቅ?

መልስ፦ የሥራ ብዛትና ጎጂ ባህል ይለያያሉ። ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፣ አዲስ አበባ ግን ዓርብ ትሠራለች። ስለዚህ ዓርብ አስመጪው ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ እሑድ ደግሞ ጅቡቲ ቢሮ ይከፈታል። ኮንቴይነር በዘገየ ቁጥር የወደብ ክፍያ ይቆጥራል። ይህ የሥራው ጠባይ ነው፤ በተራ በመግባት ይቀላል። ጎጂ ባህል የሚባለው ስህተቱን የተናገረ ሠራተኛ ሲሰደብ፣ ችግር ሲደበቅና ሥራ አስኪያጁ ከላይ የወረደበትን ቁጣ ወደ በታቾቹ ሲያወርድ ነው።

የሥራ ብዛቱም ቢሆን ጉዳቱ በአካል ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ሕግ ለተቀጠረ ሰው ሌላም ነገር አለ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ስለዚህ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የስንብት ክፍያ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለባቸው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሐኪም ማየት፣ የዕረፍት ቀን ተተኪ መመደብ፣ ጥያቄን ለበላይ በጽሑፍ ማቅረብ፣ የጥቂት ወራት ወጪ መቆጠብ። ስድቡ ከላይ የሚመጣና የማይታረም ከሆነ፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ መልቀቅ ይሻላል።