ከቀዝቃዛ አየር የሚቀዳ ሙቀት

በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ውሃ የሚሞቅበት እንጨት በምን ዋጋ እንደሚገኝ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከተራቆቱት ተረተሮች ሸክም አዝለው የሚመለሱትን ሴቶችና ልጃገረዶች ቢመለከት ይበቃዋል። ለአራስ፣ ለሕመምተኛና ለሕፃን ሙቅ ውሃ የጤና ጉዳይ እንጂ ቅንጦት አይደለም። በዚህ ጽሑፋችን የሙቀት ፓምፕ የተሰኘው መሣሪያ ይህን ውሃ በጥቂት ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያሞቅ እንመረምራለን፤ ለሰቆጣ ይስማማ እንደሆነም በቁጥር እንመዝናለን።

ስንት ሙቀት ያስፈልጋል?

አንድ ኪሎግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ 4.19 ኪሎጁል ይፈልጋል። አንድ ቤተሰብ በቀን 100 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ያሞቃል እንበል። 100 × 4.19 × 32 ሲባዛ 13,400 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

አንድ ኪሎግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ 16,000 ኪሎጁል ገደማ ይሰጣል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ውስጥ 15 ከመቶው ብቻ ወደ ውሃው ይገባል ብለን ብናስብ፣ ቤተሰቡ ለዚህ ውሃ ብቻ በየቀኑ 5.6 ኪሎግራም እንጨት ያነዳል። የቀረው ሙቀት ከጢሱ ጋር ይበናል።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ቦይለር በበኩሉ የተቀበለውን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ታዲያ ምን ጎደለው? መልሱን ተከዜ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው፣ 300 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የተከዜ ግድብ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚወርድ ውሃ ነው። አንዳች ብክነት ባይኖር እንኳ 13,400 ኪሎጁል ለማግኘት ከ13,600 ሊትር በላይ ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ መውረድ አለበት። መቶ ሊትር ውሃ ለማሞቅ ይህን ያህል ወንዝ ማውረድ፣ ይቻላል እንጂ ብልኅነት አይደለም።

ሦስት የምናውቃቸው ነገሮች

የሙቀት ፓምፕ የሚሠራበት መርህ ከዕለት ኑሯችን የራቀ አይደለም። አንደኛ፣ በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ቀዝቃዛ የሚሆነው በሸክላው ቀዳዳዎች የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ሁለተኛ፣ የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፓምፑ ይሞቃል፤ የታመቀ አየር ሙቀቱ ይጨምራልና። ሦስተኛ፣ የድስት እንፋሎት ክዳኑ ላይ ወደ ውሃነት ሲመለስ፣ ሲተን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል።

መሣሪያው እነዚህን ሦስቱን በአንድ ዑደት ያገናኛል። በዝቅተኛ ግፊት ሳለ ከአካባቢው አየር ባነሰ ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ከአየሩ ሙቀት ወስዶ ይተናል። ኮምፕረሰሩ ተኑን ያምቀዋል፤ ያን ጊዜ ከውሃው ይበልጥ ይሞቃል። የጋለው ተን የውሃውን ጋን በከበበው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውሃው ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጨረሻም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዑደቱም ይደገማል። ፍሪጅ ያለው ሰው ይህን ማሽን በቤቱ አኑሯል፤ ከፍሪጁ ጀርባ የሚሰማው ሙቀት ከውስጡ የተቀዳ ነው።

ከአንድ ሦስት ይወጣልን?

ጥሩ የሙቀት ፓምፕ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ለውሃው ይሰጣል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ «የኃይል አለመጥፋት ሕግ ተሻረ ማለት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አልተሻረም። ሁለቱ እጅ ከአየሩ የመጣ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚሠራው የማጓጓዙን ሥራ ነው። ሎርድ ኬልቪን እ.ኤ.አ. በ1852 ይህን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፒተር ፎን ሪቲንገር ኦስትሪያ ውስጥ ለጨው ማምረቻ በመሣሪያ ሞከረው።

ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ግን ወሰን ያበጃል። ትልቁ ሊገኝ የሚችል ብዜት፣ በኬልቪን ሲለካ፣ የሙቁ ወገን ሙቀት ለሁለቱ ወገኖች ልዩነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሙቁ ወገን 55 ዲግሪ ሴልሺየስ (328 ኬልቪን)፣ ቀዝቃዛው 10 ዲግሪ (283 ኬልቪን) ቢሆን 328 ለ45 ሲካፈል 7.3 ይሆናል። እውነተኛ ማሽን በሰበቃና በሙቀት ብክነት ምክንያት የዚህን ግማሽ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ቀዝቃዛው ወገን ወደ 0 ዲግሪ ቢወርድ ወሰኑ ወደ 6 ያንሳል።

ለሰቆጣ ስንመዝነው

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩ ስስ በመሆኑም የፓምፑ ማራገቢያ ያንኑ ሙቀት ለመሰብሰብ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። ለቆላ የተሠራን ማሽን ያለማስተካከያ ወደ ደጋ ማምጣት ስለዚህ ስሕተት ነው። በአንጻሩ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሞቅ ሲል ማሽኑን አሠርቶ፣ ሙቀት በማያስወጣ ጋን ውሃውን ለማታና ለማለዳ ማቆየት ይጠቅማል። መብራት ቢጠፋም ጋኑ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

የፀሐይ ማሞቂያንም ሳናነጻጽር ማለፍ አይገባም። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ቢያርፍ፣ ግማሹን የሚይዝ የ2 ካሬ ሜትር ማሞቂያ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህም ለቤተሰባችን ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ በበጋ ለአንድ ቤተሰብ ፀሐይ ትቀድማለች። የሙቀት ፓምፕ ብልጫ የሚታየው ደመና በሚበዛበት ክረምት፣ እንዲሁም ሌሊትና ቀን ብዙ ሙቅ ውሃ በሚሹ ሆስፒታሎች፣ ሆቴሎችና የተማሪዎች ማደሪያዎች ነው። ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ቀበሌ ግን ሁለቱን ከማነጻጸር በፊት የተሻሻለ ምድጃ ይቀድማል።

ጥንቃቄም ያሻል። በብዙ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር 134ኤ የተባለ ጋዝ ቢያፈተልክ፣ በክብደት ሲነጻጸር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ከባቢ አየርን ያሞቃል። ምትኩ ፕሮፔን ይህ ችግር ባይኖርበትም ተቀጣጣይ ነው። ሠልጣኝ ጠጋኝ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የፍሪጅ ጠጋኞቻችን ለዚህ መነሻ ዕውቀት አላቸው።

ውድ አንባብያን፣ ቤታችሁ በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያሞቅ ለክታችሁ ከላይ ያየነውን ስሌት ድገሙት። በእንጨት፣ በቦይለር፣ በፀሐይና በሙቀት ፓምፕ የሚያስፈልገውን ጎን ለጎን ጻፉት። ለተራራው ዛፍና ለተሸካሚዋ ጀርባ የሚሻለውን ለመምረጥ የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ሰንጠረዥ ነው።