አሮጌ የኮሚክ መጽሔት ዋጋው ከምን ይመጣል?

በአሜሪካ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1938 በ10 ሣንቲም ለገበያ ቀረበ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ይህ የሥዕል ታሪክ መጽሔት በ2014 አንድ ቅጂው በ3.2 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2024 ደግሞ ሌላ ቅጂው በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ዋጋውን ያናረው ዕድሜው ብቻ አይደለም። በዘመኑ ልጆች አንብበው ይጥሉት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ብዙ አሮጌ መጽሔት በወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ አለቀ። ዛሬ የቀረው ወደ 100 ቅጂ እንደሚሆን ይገመታል።

ሁለተኛው የዋጋ ምንጭ ይዞታው ነው። ከ2000 ጀምሮ ሲ.ጂ.ሲ. የተባለው ድርጅት መጽሔቶችን እየመረመረ ከ0.5 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣል፤ በፕላስቲክ መያዣም ያሽጋል። የሽፋን መታጠፍ፣ የስቴፕላር ሽቦ መዛግና የወረቀት መበለዝ ነጥብ ያስቀንሳሉ። በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋጋው በእጥፍ ሊራራቅ ይችላል። ጥገና ወይም ቀለም የነካው ቅጂ በመለያው ላይ ስለሚመዘገብ ዋጋው ይወርዳል፤ «ላሳምረው» ያለ ባለንብረት ራሱን ያከስራል።

በ1992 ሱፐርማን የሞተበት «ሱፐርማን» ቁጥር 75 ሲወጣ ብዙዎች «ነገ ይወደዳል» በማለት ገዝተው ሳይከፍቱ አስቀመጡት። በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ ሁሉም ስላስቀመጠው ግን አልጠፋም። ዛሬ አብዛኛው ቅጂ ርካሽ ነው።

ሁሉም ያከማቸው ዕቃ ብርቅ አይሆንም። ስለዚህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ስንት ቅጂ ቀረ? ደረጃው ስንት ነው? ጥገና ነክቶታል ወይ?