አራስ ቤት እንግዳ ሲበዛ፦ አዲሱን ልጅ ከዘመድ ወዳጅ ማስተዋወቅ

አራስ መጠየቅ እኛ ዘንድ በፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለቅሶ እንደ መድረስ ነው፤ የቀረ ሰው ይወቀሳል፣ «ስወልድ እንኳ ብቅ አላለችም» የምትለዋ ቅያሜም ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሳትረሳ ትኖራለች። ችግሩ ቤቱ በሰው የሚሞላው ልጁ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ገና ደካማ፣ እናቲቱም ደም ያልደረቀላት፣ እንቅልፍ ያልጠገበች በሆነችበት ሰሞን መሆኑ ነው። በሩ ላይ «ሕፃኑን መሳም ክልክል ነው» ብለው የሚለጥፉ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ሐሳባቸው ልክ ነው፣ መንገዳቸው ግን ዘመድ ያስቀይማል። ባህላችን ራሱ ለዚህ የሚሆን ብልሃት አለው፤ የእጅ ውሃው፣ የአራስ መጋረጃው፣ አራሷን የምታርሰው እናት ቃል። እነዚህን በቅደም ተከተል መጠቀም ነው።

በመጀመሪያ፦ ከመውለዷ በፊት ተናጋሪ ይመረጥ

ስምንተኛው ወር ላይ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይነጋገሩ። ሆስፒታል ማን ይመጣል? ማን ያርሳታል? ልጁን ማን ይታቀፋል? ፎቶው የት ይወጣል? ይህን ምጥ ከመጣ በኋላ መወሰን አይቻልም፤ ያኔ የሚወስነው ድምፁ የጎላው ዘመድ ነው።

ከዚያ እንግዳውን የሚያናግር አንድ ሰው ይሰየም። አባትየው ብቻውን አይበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተሰጠው ከነደመወዙ የሦስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ነው፤ እንግዳው የሚበረታው ደግሞ እሱ ሥራ ከተመለሰ በኋላ ነው። እኔ ብጠየቅ ልታርሳት የመጣችውን እናት ወይም አክስት እመርጣለሁ። የሃያ ስምንት ዓመት ሚስት «አትሳሙት» ብትል ጥጋብ ይመስላል፤ የስድሳ ዓመቷ እናት ብትል ግን ሁሉም እሺ ይላል።

ልታርሳት የመጣችው እናት ራሷ ካላመነችበትስ? ከሆስፒታል ስትወጡ እሷ ባለችበት አዋላጅዋን ወይም ሐኪሙን ስለ እንግዳና ስለ መሳም ጠይቁ። መልሱን በጆሮዋ ከሰማች «ሐኪሙ ከልክሏል» የምትለዋን ቃል ሳታፍር ትናገራለች። ከሐኪም ጋር የሚከራከር አራስ ጠያቂ ደግሞ እምብዛም የለም።

ሁለተኛ፦ ወሬው በተራ ይድረስ

ድሮ እልልታው ለጎረቤት ሁሉ እኩል ይነግር ነበር። አሁን ወሬው በስልክ ስለሚሄድ ቀድሞ የሰማና ዘግይቶ የሰማ የሚባል ነገር መጥቷል። የሁለቱም ወገን አያቶች በአንድ ጊዜ ይደወልላቸው፤ አንዱን ሚስት፣ ሌላውን ባል ቢደውሉ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይሰማል። ቀጥሎ እህት ወንድም፣ ለክርስትና የታሰበው ሰው፣ ከዚያ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ። ፌስቡክ መጨረሻ ነው። አክስት የወንድሟን ልጅ መወለድ ከፌስቡክ ካየች ከዚያ በኋላ የሚላክላት ይቅርታ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መልእክት ሰዓቱንም ይያዝ። ለምሳሌ፦ «ወንድ ልጅ ተወልዶልናል፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሐኪም ለጥቂት ቀን እረፍት ስላዘዘ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት በደስታ እንጠብቃችኋለን።» ሰው «አትምጡ» ሲባል ይከፋዋል፤ «በዚህ ሰዓት ኑ» ሲባል ግን እንደ ግብዣ ይወስደዋል።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ እንዳይበተን የሚፈሩ ወላጆችና ዓይን እንዳይገባበት የሚፈሩ አያቶች በዚህ ጉዳይ አንድ ወገን ናቸው። አያትየው «ፊቱን አታሳዩ» ካለች እንግዳው ስልኩን ራሱ ኪሱ ይከታል።

ታላቅ ልጅ ካለ

ከእንግዳ ሁሉ በፊት የሚተዋወቀው እሱ ነው። እናት ከሆስፒታል ስትገባ ሕፃኑን ሌላ ሰው ይታቀፍና እሷ ባዶ እጇን ገብታ ታላቁን ትቀፈው። ከዚያ ተቀምጦ፣ ትራስ ተደርጎለት፣ አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ይያዘው። ለጠያቂውም ሹክ በሉት፤ መጀመሪያ ለታላቁ ሰላም ይበል። «አሁንማ ተሻረ» የሚለውን ቀልድ ለልጅ የሚናገር ዘመድ ከመጣ ወሬውን ወደ ሌላ መውሰድ ነው፣ ልጁ ቀልዱን እውነት ብሎ ይይዘዋልና።

ሦስተኛ፦ የጥየቃው ሰዓት

እንግዳው ሳሎን ይቀመጥ፣ ልጁ መኝታ ቤት ይሁን። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ መጋረጃ ይበቃል፤ የአራስ አልጋ በመጋረጃ መከለሉ አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም አይገረምም። ልጁ ለጥቂት ደቂቃ በእናቱ ወይም በአያቱ እጅ ወጥቶ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ይመለሳል። ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም።

እንግዳው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ከመቀመጡ የእጅ ውሃ ይቅረብለት። ብዙ ቤት የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ማስታጠቢያው የሚመጣው ገንፎው ሲቀርብ ነው፣ እስከዚያ ልጁ ተዳስሷል። ስለዚህ ከምግብ ተለይቶ መጀመሪያ ይምጣ፣ ከነሳሙናው። «እማማ፣ ከመንገድ ነው የመጡት፣ ላስታጥብዎት» የሚባል እንግዳ ተከበርኩ ይላል እንጂ ተጠረጠርኩ አይልም። በዚያውም ልብ በሉ፣ አስታጣቢዋ በሰሃኑና በጆጉ መካከል ሆና ማን እንደሚያስል ታያለች።

ከሁሉ የሚከብደው መሳም ነው። ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የወጣበት ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ ያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በሄርፒስ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ለአዋቂ ከቁብ አይቆጠርም፣ ገና ሳምንታት ላስቆጠረ ሕፃን ግን አእምሮውን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል። ምች ያለበት ሰው፣ ባልም ቢሆን፣ ቁስሉ እስኪደርቅና እስኪድን ልጁን አይሳም። የሚያስል፣ የሚያስነጥስ፣ ትኩሳት ያለው ሰው ሌላ ቀን ይምጣ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ጉዳዩ ከጉንፋን ሊያልፍ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ቢያደርግ ለራሱም ይበጀዋል። ጤነኛውም ቢሆን ፊትና እጅ አይሳም። ሕፃን እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፤ እግሩን ግን ገና አይደርስበትም፣ በካልሲ ላይ እግሩን ይሳሙለት።

ሽማግሌዎች ሲመርቁ «እንትፍ እንትፍ» ይላሉ። ይህን «ተዉ» ማለት ነውር ነው፣ መፍቀድም አይሆንም። አባትየው ጎንበስ ብሎ ራሱ ይቀበለው፤ «ለሁላችንም ይሁን፣ እኔን ይመርቁኝ» ይበል። ምርቃት በአባት በኩል ለልጅ እንደሚደርስ ማንም ሽማግሌ አይክድም።

ስለ ቡና ደግሞ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለጠያቂ ቡና አይፈላ። ቡና ከተጀመረ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ የለም፣ አራሷም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ገንፎ ግን ተበልቶ ያልቃል፣ ሰውም መርቆ ይነሳል። ከሰሉና ዕጣኑም ሌላ ምክንያት ናቸው። «ብርድ ይመታታል» ተብሎ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ማጠራቀም ነው፣ ለእናትም ለልጅም አደገኛ። ቡና የግድ ከሆነ በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ ይፈላ።

ሰዓቱ ሲደርስ የምታርሳት እናት «እስቲ ታጥባው፣ ጋደም ትበል» ብላ መጋረጃውን ትሳብ። ይህ በቂ ምልክት ነው።

«ምን ላምጣ?» ለሚል

«ምንም» አትበሉ። ሳይነገረው የመጣ ሰው ስድስተኛውን ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። አጥሚት በፔርሙስ፣ ዳይፐር ከነቁጥሩ፣ የልብስ ሳሙና፣ ወይም ታላቁን ልጅ ለግማሽ ቀን መውሰድ፣ የሚያስፈልገውን ንገሩት። አንዷ ጎረቤት የሽንት ጨርቅ አጥባ ብታሰጣ ከሁሉ ትበልጣለች።

ከስጦታው ጋር ምክርም ይመጣል። ቅቤ ይላስ፣ የአብሽ ውሃ ይቅመስ፣ እንጥሉ ይቆረጥ የሚሉት ፍቅር ቢሆኑም አይሞከሩም። ልጁ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚወስደው፤ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በምንም መልኩ አይሰጠውም። እትብቱ ላይም ከጤና ባለሙያ ከታዘዘው በቀር ምንም አይቀባም። ክርክር አትግጠሙ፤ «እሺ፣ ሐኪሙን እጠይቃለሁ» በቂ መልስ ነው።

አራተኛ፦ ክርስትና፣ አቂቃ፣ ምርቃት

ልጁ ለብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑን ከክትባት ካርዱ ጋር አስተያዩት። ትክትክን የሚከላከለው የፔንታቫለንት ክትባት የመጀመሪያ ዙር በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው። ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንዱን በ40 ቀኑ ነው የሚያስጠምቀው፤ ይህን ክትባት ገና ሳይወስድ ማለት ነው። ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በ10ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ሁለተኛውን ዙር ወስዳለች። ስለዚህ የወንድ ልጅ ድግስ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥምቀቱ በቀኑ ይፈጸም፤ ትልቁን ድንኳን ግን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል። የግድ በዚያው ቀን ከሆነ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ከእናቱ ጋር ጓዳ ይግባ፤ ድንኳኑ ውስጥ ክርስትና አባቱ እሱን ወክሎ ምርቃቱን ይቀበል። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሁለት ደረቅ ጋቢና ተጨማሪ ልብስ ይያዝ። ከቁርባን በፊት ስለ ማጥባት ካህኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሙስሊም ቤተሰብ በ7ኛው ቀን አቂቃ ሲያወጣ ልጁ ገና ሳምንቱ ነው። እዚህ ግን ሥርዓቱ ራሱ መንገድ ይሰጣል፤ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ይታረዳል፣ ሥጋው ወደ ዘመድና ወደ ችግረኛ ቤት ይላካል። ሰውን ከመሰብሰብ ሥጋውን መላክ ይቻላል። በወንጌላውያን ዘንድ ልጅ ማስባረክ የተቆረጠ ቀን ስለሌለው ከ6ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ ያለውን እሑድ መምረጥ ቀላል ነው።

ሩቅ ያሉት

ሪያድ፣ ጅዳና ኩዌት ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ እኩል ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሆኖም ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ጊዜው በእጇ አይደለም። እናንተ ከምትደውሉላት አጭር ቪዲዮ ቀርጻችሁ በኢሞ ላኩላት፣ ሲመቻት ደጋግማ ታየዋለች። ዋሽንግተን በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ዘመድ ከሥራ ሲገባ እናንተ ተኝታችኋል። ቅዳሜ ማታ እዚህ፣ ቅዳሜ ቀን እዚያ፣ አንድ ቋሚ ሰዓት ይያዝ፤ አለበለዚያ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። አራሷ ስልክ የማንሳት ግዴታ የለባትም፣ ካሜራውን ሌላ ሰው ይያዘው።

አምስተኛ፦ አያት አገር መሄድ

ክፍለ ሀገር ያሉ አያቶች ካልመጡ ጉዞው ቢያንስ ከ6ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ ይሁን፤ እስከ 14ኛው ሳምንት ሦስተኛ ዙር መቆየት ከተቻለ የተሻለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር ከሆነ ወባ ሊኖር ስለሚችል የልጁ አጎበር ከሻንጣው በፊት ይታሰብ። እዚያም ደርሳችሁ ያው ነው፤ የእጅ ውሃው፣ መጋረጃው፣ የአያት ቃል።

ልጁን የሚያየውን ሰው ብዛት ልትቆጣጠሩ ትችላላችሁ፣ በሽታን ግን ሙሉ በሙሉ አትችሉም። ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በብብቱ ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ካንቀጠቀጠው እንግዳ አለ የለም ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። መንገድ ላይ ስትሆኑም በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀጣዩ ክትባት አያት አገር ሳላችሁ ከደረሰ እዚያው ማስከተብ ይቻላልና የክትባት ካርዱ ከዳይፐሩ ጋር በእጅ ቦርሳ ይግባ።