በክረምት ዓሣ ስለ ማጥመድ

መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ አገር ነው። ወንጪት ከጀማ ይቀላቀላል፤ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ትልልቁ ዓሣ ከኃይለኛው ወራጅ ሸሽቶ ከቋጥኝ ኋላና ከዳር ባለው ዝግተኛ ውኃ ይጠጋል። አምባዛም በደፈረሰው ውኃ ውስጥ ምግቡን በጢሙ እየዳሰሰ ያገኛል። ስለዚህ አጥማጁ መንጠቆውን ከዳር ሆኖ ይጣል እንጂ ወደ መካከል አይግባ።

በቈላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፥ በመንዝ ደጋ የዘነበው ዝናም ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ውኃው ቢጨምር፥ ጭራሮና ቅጠልም ይዞ ቢወርድ፥ መንጠቆው ዓሣ ይዞ እንኳ ቢሆን ገመዱን ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። ዓሣ ነገም ይገኛል፤ ደራሽ የወሰደው ሰው ግን አይመለስም።

ጥያቄ፤ በቈላው ሳይዘንብ ወንዙ የሚሞላው ስለ ምንድር ነው?