ክትትል መተማመንን አይተካም

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ለግቢው ተማሪዎች የታሰበ አገልግሎት ስለነበር፣ ማኅበራዊ ሚዲያ በሰዎች ግንኙነት ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ያጠኑ ቀደምት ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ትኩረታቸውን በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ አድርገዋል።

ለሰዎች ግንኙነት መሠረት የሆነው መተማመን ማለት አንድ ሰው ሌላው እንደማይጎዳው አምኖ፣ ሊያስጠቃው የሚችለውን ምስጢር እንኳ ለማካፈል ፈቃደኛ መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ኧርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር በ1973 እንዳስረዱት፣ ቅርበት የሚጠነክረው ሰዎች ከተራ ወሬ ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ውስጣቸውን ሲገልጹና አንዱ የገለጸውን ያህል ሌላውም በተራው ሲገልጽ ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለዚህ የቅርበት ዕድገት ያለው አስተዋጽኦ እንደ ግንኙነቱ ዓይነት ይለያያል። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2007 የታተመ ጥናት፣ የፌስቡክ አጠቃቀም ይበልጥ የተቆራኘው ከድልድያዊ ማኅበራዊ ካፒታል ጋር፣ ማለትም እምብዛም ከማይቀራረቡ ሰዎች ከሚገኘው መረጃና ድጋፍ ጋር መሆኑን አሳይቷል። ከትውልድ ቀዬው ርቆ ለተመደበ ኢትዮጵያዊ ተማሪም የዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጠዋል።

በፍቅር ግንኙነት ውስጥ ግን ሌላ ገጽታ ይታያል። የካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 308 ተማሪዎችን ጠይቀው በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ በፌስቡክ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያሳልፉ ተማሪዎች ከፌስቡክ ጋር የተያያዘ ቅናት ይበልጥ እንደሚሰማቸው አመልክቷል። ይህ ዓይነቱ መጠይቅ መንስኤንና ውጤትን ለይቶ ባያረጋግጥም፣ ተመራማሪዎቹ የጠቆሙት አዙሪት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ከምን ተነሥቶ እንደተጻፈ የማይታወቅ አስተያየት ጥርጣሬ ይጭራል፣ ጥርጣሬው ተጨማሪ ፍለጋ ያስከትላል፣ ፍለጋውም ሌላ አሻሚ ፍንጭ ያስገኛል።

ስለዚህ ጓደኛው መልእክቱን አንብባ ሳትመልስለት የቆየችበት ተማሪ፣ የዘገየችበትን ምክንያት ከገጿ ላይ ከመገመት ይልቅ እሷኑ መጠየቅ ይሻለዋል። የይለፍ ቃል መለዋወጥም የፍቅር ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ መተማመን የሚያስፈልገው ማየትና መቆጣጠር በማይቻልበት ቦታ ነውና፣ ሁሉን ነገር በመፈተሽ የሚገኘው መረጋጋት የሚቆየው እስከሚቀጥለው ፍተሻ ድረስ ብቻ ነው። ጥንዶች ስለ ግንኙነታቸው ምን እንደሚለጠፍና ምን በሁለቱ መካከል እንደሚቀር አስቀድመው ተነጋግረው ቢወስኑ፣ ቃላቸውንም በየዕለቱ ቢያከብሩ፣ ስልክ መበርበር የማይሰጣቸውን እርግጠኝነት ያገኛሉ።