ዮሴፍ ስለ ምን አለቀሰ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ያለ እናት ያለ አባት ስለ ተሰደደ ልጅ ነው። መነሻችን ኦሪት ዘፍጥረት፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 45።

ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሸጠ፤ በ30 ዓመቱ በግብፅ ላይ ተሾመ። የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ ስሙም መከራውንና የአባቱን ቤት እንደ ረሳ የሚናገር ነው። ታዲያ ረስቶ ነበርን? ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው በአስተርጓሚ አነጋገራቸው። እርስ በርሳቸው በአባቱ ቤት ቋንቋ ሲነጋገሩ ሲሰማ ግን ዘወር ብሎ አለቀሰ። ታናሽ ወንድሙን ብንያምን ባየ ጊዜም እልፍኙ ገብቶ አነባ፤ ፊቱን ታጥቦም ወጣ። ከ20 ዓመት በላይ በሆዱ የያዘውን ሹመት አላሻረለትም።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ከጎንደር አራዳ ተነሥተን የደባርቅን መንገድ ብንይዝ፣ ዳባት አጠገብ ዓለምዋጭ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። የ2013ቱ ጦርነት ትግራይ ውስጥ ከነበሩት ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች ያፈናቀላቸው ኤርትራውያን ሰፍረውበታል። ከኤርትራ ከተሰደዱት መካከል ድንበሩን ብቻቸውን የተሻገሩ ልጆች ብዙ ናቸው።

እንዲህ ያለው ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ፣ በኮሽታ ሲበረግግ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ በትንሹ ሲጣላ «ጠባዩ ነው» አንበል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ሆድ ይፍጀው» ብለንም አፉን አንዝጋ። በእናቱ ቋንቋ የሚያዳምጠው ባለሙያ እንፈልግለት። ይሁን እንጂ «ያየኸውን ሁሉ ንገረን» እያልን አናስጨንቀው። ዮሴፍ የሚያለቅስበት እልፍኝ ነበረው፤ ማንነቱን የገለጠውም ጊዜው ሲደርስ፣ ሌላውን ሰው ራሱ ካስወጣ በኋላ ነው።

«ጠበል ይሻላል ወይስ ሐኪም?» የሚል አይጠፋም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ ይላል፤ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ሞትን የሚመኝ ልጅ ካጋጠመን ደግሞ ብቻውን ሳንተወው ያንኑ ዕለት ሆስፒታል እናድርሰው።

ለሚመጣው እሑድ ምዕራፍ 39ን አንብባችሁ ኑ። ዮሴፍ በወኅኒ ሳለ እግዚአብሔር ሞገስን የሰጠው በማን ፊት ነው? ለባዕዱ ልጅ ልቡ የራራ ያ ሰው ዛሬ ከመካከላችን ማን እንደሚሆን እያሰባችሁ አንብቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።